ሣቅና ርኅራኄ በአንድ ልብ ወለድ



ሣቅ የሚያጭር የፍቅር ልብ ወለድ፥ ይልቁንም ምትሐትና የጥንት ታሪክ ሲቀላቀሉበት፥ በእኛ ዘንድ ዘወትር «ጊዜ ማሳለፊያ» ተብሎ ይናቃል። እኔ ግን ሣቁ በታሪኩ ውስጥ ሥራ ካለው ንቀቱ አይገባውም እላለሁ። ማስረጃዬ ኦስካር ዋይልድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887 ያሳተመው «የካንተርቪል መንፈስ» ነው።

አንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ በእንግሊዝ አገር ጥንታዊ ቤት ይገዛል። በ1575 ሚስቱን የገደለው የሰር ሲሞን መንፈስ በቤቱ ይመላለሳል። እንግዶቹ ግን አይፈሩትም፤ ከወለሉ ላይ የደሙን እድፍ ያስለቅቃሉ፥ ለሚንቋቋው ሰንሰለቱም ዘይት ያቀርቡለታል። መንፈሱ እድፉን በቀለም ያድሳል፤ ቀዩ ሲያልቅበት በአረንጓዴ ይቀባል። እንሥቃለን።

ቀለሙን የሰረቀው ግን ከቤቱ ልጅ ከቨርጂኒያ ነው። እርስዋም ስለ ስርቆቱ ስትገሥጸው ሦስት መቶ ዓመት እንቅልፍ ያጣ መሆኑን ትሰማለች፤ አልቅሳና ጸልያ ታሳርፈዋለች። በኋላ ወጣቱን መስፍን ስታገባ ከመንፈሱ ጋር ሳለች ያየችውን ለባልዋ እንኳ አትገልጥም፤ እርሱም በፍቅር ምስጢሩን ይተውላታል።

እንግዲህ ቀልዱ የርኅራኄ በር ሆኖአል፤ አረንጓዴው እድፍ ቢወጣ ታሪኩ ይፈርሳል። እኛም የባልንጀሮቻችንን ድርሰት ስንመዝን «ያሥቃል ወይ?» በማለት ብቻ አናብቃ፤ «ሣቁ ቢወጣ ምን ይጎድላል?» ብለን እንጠይቅ።