የቤት ኢንተርኔት ፍጥነትን ስለ መለካት



በደካም ሆነ በቦንጋ ደንበኛው የሚከፍለው በውሉ ላይ ለሰፈረው ቁጥር ነው፤ የሚጠቀመው ግን እቤቱ በሚደርሰው ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያስረዳው ምሬት ሳይሆን ልኬት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መስፈሪያውን እንለይ። ውሉ የሚናገረው በሜጋቢት ሲሆን የፋይል መጠን የሚቆጠረው በሜጋባይት ነው፤ 1 ባይት ደግሞ 8 ቢት ነው። ስለዚህ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያልፍበት መስመር የ100 ሜጋባይት ፋይል ከ80 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ አይወርድም። ይህን ያልለየ ሰው ሳይጎድልበት ጎደለብኝ ይላል።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ ከራውተሩ ጋር ይገናኝ፤ የቀሩት መሣሪያዎች ይቋረጡ። አለዚያ ግድግዳው የቀነሰውን በመስመሩ ላይ እናሳብባለን። ልኬቱም ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ለአንድ ሳምንት ይደጋገም፤ አገር በተኛበት ሌሊት የተገኘ ቁጥር ጎረቤት ሁሉ በሚጠቀምበት ምሽት አይገኝምና።

መዘግየትም አብሮ ይመዝገብ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ስለሆነም 6,000 ኪሎ ሜትር የሚርቅ የባሕር ማዶ ሰርቨር ለደርሶ መልስ ቢያንስ 60 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ከቦንጋ እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት ግን የጥቂት ሚሊሰከንድ ጉዳይ ነው፤ ከዚያ የበለጠው መዘግየት በርቀት አይመካኝም።

ቀን፣ ሰዓትና ቁጥር የሰፈረበት ደብተር ይዞ የሚቀርብ ደንበኛ በቀላሉ አይመለስም። ይህን ለጎረቤቶቻችን ማስተማር የሙያችን ግዴታ ነው።