መጋጠሚያውና ትከሻው
ተከፋፍለው ስለሚጓዙ ትናንሽ ጀልባዎች የተደረገ ንግግር




ዛሬ የምናገርላችሁ ስለ አንዲት አነስተኛ ዕቃ ነው። ርዝመቷ ሦስት ሜትር ያህል፣ በሁለት ክፍል የተሠራች፣ ስትፈታ አንደኛው ክፍሏ በሌላው ውስጥ የሚከተት፣ ስትገጠም ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይዛ በውኃ ላይ የምትሄድ ጀልባ ናት። ድልድይና ግድብ በሚነገርበት ጉባኤ ይህን ርእስ መምረጤ ለአንዳንዶቻችሁ ጨዋታ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በሙያችን ዘወትር የሚገጥመንን አንድ ጥያቄ እንደዚህች ጀልባ አጥርቶ የሚያሳይ ነገር ጥቂት ነው። ጥያቄውም፣ ሙሉ የሆነውን ነገር የት ላይ እንቁረጠው፣ ቁራጩንስ ማን ይሸከመዋል የሚል ነው።

የጀልባዪቱ አስፈላጊነት የመጣው ከቦታ ጥበት ነው። መርከቡን ከወደብ ርቆ መልሕቅ ያስጣለ ባሕረኛ ወደ የብስ የሚያደርሰው ትንሽ ጀልባ ያሻዋል፤ ዳሩ ግን አሥር ሜትር በማትሞላ ባለ ሸራ መርከብ ላይ የሦስት ሜትር ጀልባ ማኖሪያ ስፍራ አይገኝም። ከባሕር ርቆ በፎቅ ቤት የሚኖረውም ቢሆን ጀልባውን የሚያስቀምጠው ከአልጋው ሥር ወይም ከደረጃው በታች ነው። ስለዚህ ጀልባዋ መከፈል ይኖርባታል። መክፈሉ ቀላል መስሎ ቢታይም ታሪኩ ግን ሌላ ይመሰክራል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አሜሪካዊው ሜሪዌዘር ሉዊስ በ1803 ሐርፐርስ ፌሪ በሚገኘው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ተፈታትቶ የሚጓዝ የብረት አጽም አሠራ። ዐሳቡ አጽሙን ይዞ ሚዙሪ ወንዝን ከወጣ በኋላ እዚያው በሚገኝ ቆዳ አልብሶ ጀልባ ለማድረግ ነበር። በ1805 ከታላላቆቹ ፏፏቴዎች አጠገብ አጽሙ ተገጣጠመ፤ 28 የኤልክ አጋዘንና 4 የጎሽ ቆዳም ለበሰ። ነገር ግን በዚያ አካባቢ ለስፌቱ መድፈኛ የሚሆነው ቅጥራን የሚወጣበት የጥድ ዛፍ አልተገኘም። በምትኩ የከሰል ዱቄት፣ ሰምና ሞራ ተደባልቆ ተቀባ። ቆዳው የተሰፋበትም መርፌ ጠርዙ ስለታም ስለነበረ፣ ቀዳዳው ከጠፍሩ ይልቅ ሰፋ። ጀልባዋ በመጀመሪያ በሚገባ ተንሳፈፈች፤ በዚያው ዕለት ግን ቅቡ ከቆዳው እየለቀቀ ውኃ ያስገባ ጀመር። ሉዊስም ሥራውን ለመተው ተገደደ። ብረቱ ባይጐድለውም መጋጠሚያው ከዳው።

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ አህጉራችን ያመጣናል። ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ በ1874 ለመካከለኛው አፍሪካ ጉዞው «ሌዲ አሊስ» የተባለች 40 ጫማ ርዝመት ያላት የእንጨት ጀልባ በእንግሊዝ አገር፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር አሠራ። በአምስት ክፍል ተከፍላ በሰው ትከሻ እንድትጓዝ ታስባ ነበር። ዛንዚባር ደርሳ ስትመዘን ግን እያንዳንዱ ክፍል ከ120 ኪሎግራም በላይ ሆኖ ተገኘ። በንድፉ ላይ ያልታሰበው የተሸካሚ ትከሻ በሚዛን ላይ ታሰበ። ክፍሎቹ እንደ ገና ተቈርጠው ከቀለሉ በኋላ ጀልባዋ ወደ መካከለኛው አፍሪካ ተሸክማ ሄደች፤ በ1875 ቪክቶሪያ ሐይቅን ዞረች፤ በ1877 ኮንጎ ወንዝን ወርዳ ከኢሳንጊላ ፏፏቴ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተጣለች። የዚያ ጉዞ መንገድ ደም የፈሰሰበት ነው፤ ከተሸካሚዎቹም ብዙዎቹ አልተመለሱም። የጀልባዪቱ ስም በመጻሕፍት ሲኖር፣ ያሻገሯት ሰዎች ስም አብዛኛው ተረስቷል። አበው «በሞኝ ክንድ የዘንዶ ጉድጓድ ይለኩበታል» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ወደ ዛሬዎቹ ጀልባዎች እንመለስ። የተሻለው አሠራር ከመቍረጥ የሚጀምር ሳይሆን ከመጋጠሚያው የሚጀምር ነው። ሠሪው ጀልባዋን ከስስ ኮምፔንሳቶና ከኤፖክሲ ሙጫ አንድ አድርጎ ይሠራታል። በመካከሏ ግን በጥቂት ሚሊሜትር የተራራቁ፣ እስከ ጠርዟ የሚደርሱ ሁለት የውስጥ ግድግዳዎች አስቀድሞ ይተክላል። ሥራው ሲያልቅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል መጋዝ ያስገባና ይከፍላታል። በዚህም ሦስት ጥቅም ይገኛል፤ ቅርጿ ሳይዛባ ሁለቱ ፊቶች በትክክል ይገጥማሉ፤ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ስለሚንሳፈፍ ውኃ ላይ እንኳ ሊገጠም ይችላል፤ ጠባቡ የፊት ክፍል በሰፊው የኋላ ክፍል ውስጥ ስለሚያርፍ የሦስት ሜትሯ ጀልባ ከግማሽ ርዝመቷ እምብዛም ያልበለጠ ቦታ ይበቃታል።

የቀረው የብሎኖቹ ጉዳይ ነው። ጀልባዋ ሁለት ጫፎቿ በሁለት ድንጋዮች ላይ አርፈው ሳለ 90 ኪሎግራም የሚመዝን ሰው በመካከሏ ቢቆም ምን ይሆናል? የሚታጠፍበት ጉልበት 90 በ3 ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 67.5 ኪሎግራም ሜትር ነው። ከታችኞቹ ብሎኖች እስከ ላይኛው ጠርዝ ያለው ከፍታ 35 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ የታችኞቹን ብሎኖች የሚስባቸው ኃይል 193 ኪሎግራም ያህል ይሆናል። ለሁለት ብሎኖች ሲከፈል ለእያንዳንዱ ወደ 97 ይደርሳል። ይህ ለብረቱ ብሎን ኢምንት ነው፤ ለስሱ እንጨት ግን አይደለም። ስለዚህ ብሎኑ በሚያልፍበት ስፍራ እንጨቱ መደረብና ሰፊ ሮንዴላ መግባት አለበት። የታችኞቹ ቀዳዳዎች ከውኃ በታች ስለሚውሉ ደግሞ የጎማ ማሸጊያ ያሻቸዋል። ከሉዊስ መርፌ የተረፈልን ትምህርት ይኸው ነው።

መከፈል ዋጋ እንደሚያስከፍልም መሸሸግ አይገባም። ተጨማሪው ግድግዳ ክብደትና ወጪ ይጨምራል። ተጠቅልሎ የሚቀመጠው የጎማ ጀልባ ከዚህች ያነሰ ቦታ ይይዛል፤ በ1968 ዐባይን የወረደው የብሪታንያ ቡድን በጎማ ጀልባ መጠቀሙም አለ ምክንያት አልነበረም፤ ጎማ ከዐለት ጋር ሲላተም ይተጣጠፋል እንጂ አይሰበርም። በነፋስ ፊት ለመቅዘፍ ግን ጠንካራው አካል ይበልጣል። መሣሪያ የሚመረጠው እንደ ውኃው ጠባይ ነው።

በመጨረሻ የጣናን ታንኳ ላንሣ። ከደንገል የታሰረው ታንኳ መጋጠሚያም ብሎንም የለውም፤ ውኃ ስለሚጠጣም ከውኃ እየወጣ በፀሐይ መድረቅ አለበት። የሚያስረው፣ የሚቀዝፈውና አውጥቶ የሚያደርቀው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው በመሆኑ፣ ከጉልበቱ በላይ የሆነ ታንኳ አያስርም። በእኛ ዘንድ ግን ነዳፊው በቢሮ፣ ተሸካሚው በዳገት ላይ ነው። መንገድ ወዳልደረሰበት ስፍራ የሚላክ ፓምፕ፣ ምሰሶ ወይም የድልድይ ቁራጭ ሁሉ በዚህ ልዩነት ውስጥ ያልፋል።

ስለዚህ ለባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ተከፋፍሎ የሚጓዝ ነገር ስንነድፍ በእያንዳንዱ ክፍል ሥዕል አጠገብ ርዝመቱንና ውፍረቱን እንደምንጽፍ ሁሉ፣ ክብደቱን በኪሎግራም፣ የተሸካሚዎቹንም ቍጥር እንጻፍ። ይህን ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃል፤ ያ መስመር ሳይጻፍ ሲቀር ግን ጉድለቱን የሚሞላው የሌላ ሰው ትከሻ ነው።