ስሙን ያልጠቀስኩት ሰው



ዛሬ እዚህ ወሎ ሰፈር በተሰበሰብንበት አዳራሽ ስንት ዲግሪ እንዳለ ልቁጠር ብል ምሳው ይቀዘቅዛል። እኔ ግን የማወራላችሁ ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል ስላላለፈ ሰው ነው፤ ስለ ጋዜጠኛው ጳውሎስ ኞኞ።

ጳውሎስ በ1926 ዓ.ም. ቁልቢ ተወለደ። አባቱ ግሪካዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናቸው። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» የሚል ዓምድ ነበረው። አንባቢው ስለ ትዳሩም ስለ ታሪክም ይጠይቃል፤ አንዳንዱማ ሊያፋጥጠው ብሎ ነው የሚጽፈው። እሱ በአጭሩ፣ በቀልድ አዋዝቶ ይመልሳል። ሕዝቡ ሳያፍር መጠየቅን ከዚያ ዓምድ ተማረ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ስሠራ «አጤ ምኒልክ» የተሰኘው መጽሐፉ ከእጄ አይለይም ነበር። ስሙን ግን አልጠቀስኩም። «የአራተኛ ክፍል ሰው ጠቅሰህ ትመጣለህ?» እንዳልባል ፈራሁ። ማንም አልከለከለኝም፤ የከለከልኩት ራሴን ነው። መጽሐፉ በ1984 ዓ.ም. ታተመ፤ እሱም በዚያው ዓመት አረፈ። ይቅርታ ልጠይቀው አልችልም።

ስለዚህ ያቺን የጎደለች የግርጌ ማስታወሻ ዛሬ በእናንተ ፊት ሞልቻታለሁ።

መምህራኖቻችን ሆይ፣ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የሚያስቅ ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ ካለ አታሳፍሩት። ጳውሎስ ቢሆን ይመልስለት ነበር።