ስም ከመቃብር በላይ፤ የአይሁድ ሕዝብ ሙታኑን በዓመት አንድ ቀን እንዴት ያስባል?

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ ከባህልና ትምህርት ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)







ኮሚቴያችን ይህን ርዕስ ሲመርጥ «የደስታ ቀን ላይ የሙታን ወሬ ምን አመጣው?» ያሉን ወገኖች ነበሩ። ቅሬታቸው ይገባናል። ይሁን እንጂ ሁላችሁም እንደምታስታውሱት ይህ ማኅበር የተወለደው በለቅሶ ቤት ነው። በመጀመሪያ ያሰባሰበን እዚህ አገር ያረፈ አንድ ወገናችንን አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ያደረግነው መዋጮ ነበር። ቋንቋ ትምህርት ቤቱም፣ የአዲስ ዓመት በዓሉም፣ የእግር ኳስ ቡድኑም የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የደረሰኝ ጥራዞቻችን ለእያንዳንዱ ለቅሶ ምን ያህል እንደተዋጣ በሳንቲም ሳይቀር ይናገራሉ። ሟቹ ማን እንደነበረ፣ ከየት እንደመጣ፣ ማንን ትቶ እንደሄደ ግን ደረሰኝ አይናገርም። እንግዲህ ሙታኑን በማሰብ ረገድ ብዙ የደከመ አንድ ሕዝብ ምን እንዳደረገ ማየቱ ይጠቅመናል ብለን ያሰብነው በዚህ ምክንያት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን።

ቀኑ እንዴት ተመረጠ?

እንደሚታወቀው በ2ኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ናዚ ጀርመንና ተባባሪዎቹ 6 ሚሊዮን ያህል አይሁዶችን ፈጅተዋል። ከእነዚህ መካከል አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህሉ ልጆች ነበሩ። አይሁዶች ይህን እልቂት በራሳቸው ቋንቋ «ሾዓ» ይሉታል። የመታሰቢያው ቀንም «ዮም ሃሾዓ» ይባላል።

ጦርነቱ ሲያበቃ የተረፉት ሰዎች አንድ ከባድ ጥያቄ ገጠማቸው። በአይሁድ ሥርዓት እንደ እኛው ሙት ዓመት አለ። ሰው ባረፈበት ቀን በየዓመቱ ለ24 ሰዓት የሚበራ ሻማ ይለኮስለታል፤ ልጁ ወይም ወንድሙ «ቃዲሽ» የሚባለውን ጸሎት ያደርስለታል። የሞተበት ቀን ያልታወቀ፣ መቃብሩ የሌለ፣ ቃዲሽ የሚያደርስለት ዘመድም ያልተረፈ ሰው ታዲያ መቼ ይታሰብ? አርባና ተዝካር የሚያውቅ የእኛ ሰው የዚህን ጥያቄ ክብደት ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

የእስራኤል ሊቃነ ካህናት ያገኙት መልስ አንድ የቆየ የጾም ቀን ነበር። ንጉሥ ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን የከበበበት ቀን የሚታሰብበት፣ በአይሁድ አቆጣጠር ቴቬት 10 የሚውለው ጾም፣ የሞቱበት ቀን ላልታወቀ ሁሉ የጋራ ሙት ዓመት እንዲሆን ወሰኑ። በጌቶዎችና በጫካ የተዋጉት ታጋዮች ግን ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። የዋርሶ ጌቶ አመፅ የተነሣበትን ጊዜ መረጡ። ከ400,000 የሚበልጡ አይሁዶች ታጭቀውበት በነበረው በዚያ የታጠረ ሰፈር፣ አብዛኛው ሕዝብ ወደ ትሬብሊንካ ተወስዶ ካለቀ በኋላ፣ የቀሩት ወጣቶች ኤፕሪል 19 ቀን 1943 በጥቂት ሽጉጥና ቦምብ ተነሡ። አመፁ ወር ለሚጠጋ ጊዜ ቆየ።

ችግሩ አመፁ የተጀመረው በፋሲካ ዋዜማ መሆኑ ነበር። ወሩ ኒሳን ነው፤ በኒሳን ደግሞ ለቅሶ አይደረግም የሚሉ ሃይማኖተኞች አሉ። ክርክሩ ብዙ ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ የእስራኤል ፓርላማ ኤፕሪል 12 ቀን 1951 ኒሳን 27ን መረጠ። ቀኑ ፋሲካው ካለፈ በኋላ ግን አመፁ ገና ሳይበርድ የነበረበት ጊዜ ነው፤ ከነፃነት በዓላቸውም አንድ ሳምንት ያህል ይቀድማል። በ1959 በሕግ ጸና። ሙሉ ስሙ የሾዓና የጀግንነት መታሰቢያ ቀን ይባላል።

ስምምነቱ ዛሬም ሙሉ አይደለም። ቴቬት 10ን የሚመርጡ፣ ቤተ መቅደሱ የፈረሰበትን የአቭ 9ኛ ቀን በቂ ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን በቀኑ አልተስማማንም ብለው ማሰቡን አልተዉም። ይህን ነጥብ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቀኑ እንዴት ይውላል?

ቀኑ በእኛም የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንደሚታወቀው ከዋዜማው ምሽት ይጀምራል። በእስራኤል በዚያ ምሽት መዝናኛ ቤቶች በሕግ ይዘጋሉ፤ ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ይላል፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የቀልድና የጭፈራ ፕሮግራማቸውን ያቆማሉ። በኢየሩሳሌም ያድ ቫሼም በተባለው የመታሰቢያ ተቋም ውስጥ የአገሪቱ መሪዎች በተገኙበት ከእልቂቱ የተረፉ ስድስት ሰዎች ስድስት ችቦ ይለኩሳሉ። አንዱ ችቦ ስለ አንድ ሚሊዮን ሰው ነው።

በማግስቱ ከጠዋቱ በ4 ሰዓት በአገሪቱ ሁሉ ሳይረን ይጮኻል። ለሁለት ደቂቃ ያህል አውራ ጎዳና ላይ የሚከንፈው መኪና ሳይቀር ይቆማል፤ ሹፌሩ በሩን ከፍቶ ወርዶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ገበያተኛው ሂሳቡን፣ ተማሪው ደብተሩን ይተዋል። ከጥብቅ ሃይማኖተኞች መካከል ሳይረኑን የማይቀበሉና በዚያ ፋንታ መዝሙረ ዳዊት የሚደግሙ አሉ።

ከእስራኤል ውጭም ቀኑ ይታሰባል። ከ1988 ጀምሮ ከብዙ አገሮች የመጡ ወጣቶች በፖላንድ ከአውሽዊትስ እስከ ቢርከናው ድረስ 3 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ይጓዛሉ። በአሜሪካ ብዙ ምኩራቦች ለየቤተሰቡ ቢጫ ሻማ ያድላሉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደግሞ በ2005 ባሳለፈው ውሳኔ አውሽዊትስ ነፃ የወጣበትን ጃንዋሪ 27ን ዓለም አቀፍ የመታሰቢያ ቀን አድርጎታል።

እኛም የኮሚቴው አባላት በአንድ ዓመት የዋዜማ ምሽት ጎረቤቶቻችን የሆኑ አይሁዶች ጋብዘውን ተገኝተን ነበር። ብዙ ንግግር የሚደረግ መስሎን ነበር፤ የተደረገው ግን ጥቂት ነው። ስድስት ሻማ በራ። ከዚያ ልጆችና ሽማግሌዎች በተራ እየወጡ ስም ብቻ አነበቡ። ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ከተማ። ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ከተማ። አንዲት ልጅ ያነበበችው ስም የራሷ ስም ነበር፤ የሟቿም ዕድሜ ከእርሷ ዕድሜ ብዙ አይርቅም። በመጨረሻ ሁሉም ቆመው ቃዲሽ ደገሙ። ትርጉሙን ስንጠይቅ በጸሎቱ ውስጥ ሞት የሚል ቃል እንደሌለ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የፈጣሪ ምስጋና እንደሆነ ነገሩን። ከእኛ ጋር የነበሩ አንዲት እናት ስንወጣ «እንዲህ ከሆነስ እኛም እንችላለን» አሉ። ይህ ንግግር የመነጨው ከእሳቸው ቃል ነው ብንል አላጋነንንም።

ስም መመዝገብ

ያድ ቫሼም ማለት ከትንቢተ ኢሳይያስ የተወሰደ ቃል ሲሆን ትርጉሙ መታሰቢያና ስም ማለት ነው። ተቋሙ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለተረፉ ዘመዶችና ጎረቤቶች አንድ ገጽ ቅጽ ያድላል። በቅጹ ላይ የሟቹ ስም፣ የአባትና የእናቱ ስም፣ የተወለደበት ቦታ፣ ሥራው፣ የሞተበት ሁኔታ ይሞላል፤ ፎቶግራፍ ካለ ይለጠፋል። ከእነዚህ ቅጾችና ከሌሎች ሰነዶች ተለቅሞ እስካሁን ከ4 ሚሊዮን 800 ሺህ የሚበልጥ ስም ተሰብስቧል። ቅጹን የሚሞላው ማንም ሰው ነው፤ ምሁር መሆን አያስፈልገውም።

ሥራው የተጀመረው እንዲያውም እልቂቱ ሳያበቃ ነው። አማኑኤል ሪንገልብሉም የተባለ የታሪክ ሰው በዋርሶ ጌቶ ውስጥ ጓደኞቹን በምሥጢር አሰባስቦ የሚያዩትን ሁሉ አስጻፈ። የራሽን ካርድ፣ ደብዳቤ፣ ኑዛዜ፣ የተማሪ ድርሰት ሳይቀር ሰበሰቡ። መጨረሻቸው ሲቃረብ በብረት ሣጥንና በወተት ማመላለሻ ብርሜል አድርገው ቀበሩት። ሪንገልብሉም በ1944 ተገደለ። ከተቀበረው ውስጥ አንዱ ክፍል በ1946፣ ሌላው በ1950 ከፍርስራሽ ሥር ወጣ። እንጀራ ያጣ ሰው ወረቀትና ቀለም ፈልጎ ለማያውቀው ትውልድ ጻፈ። እኛ ሞቅ ባለ አዳራሽ ተቀምጠን ጊዜ አጣን ብንል ያምርብናል ትላላችሁ?

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። ተቋሙ የሚመዘግበው ሙታንን ብቻ አይደለም። ነፍሳቸውን ለአደጋ ሰጥተው አይሁዶችን የደበቁ የሌላ ሕዝብ ሰዎችንም ከ1963 ጀምሮ «ጻድቃን» እያለ ያከብራል። ቁጥራቸው ከ28,000 በልጧል። ክፉውን የመዘገበ ሕዝብ ደግ የሠራለትንም አልዘነጋም።

ይህ ነገር ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?

በብዙ በኩል ያገናኘዋል። በ1948 የወጣውን የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክል ዓለም አቀፍ ስምምነት ከሁሉ አስቀድማ ያጸደቀችው አገር ኢትዮጵያ ናት፤ ቀኑም ጁላይ 1 ቀን 1949 ነው። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት ነገሩን በሥጋቸው ያውቁት ስለነበረ ይመስለናል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ ዘመን በአዲስ አበባ ለሦስት ቀን የወረደውን እልቂት መንግሥታችን 30,000 ሰው ያለቀበት ብሎ መዝግቦታል። በስድስት ኪሎ ሐውልት ቆሟል፤ በየዓመቱ አርበኞች አበባ ያኖራሉ። የአብዛኞቹ ሟቾች ስም ግን በአንድ መዝገብ ተሰብስቦ አይገኝም።

ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤል ወገኖቻችንም የራሳቸው የመታሰቢያ ቀን አላቸው። ከጎንደርና ከትግራይ ተነሥተው በእግር ወደ ሱዳን ሲጓዙ በጥም፣ በሽፍታና በመጠለያ ጣቢያ በሽታ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች አልቀዋል። በኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ ሐውልት ቆሞላቸው በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ይታሰባሉ። በዚያው የሱዳን መንገድ የመጡ፣ በበረሃውና በባሕሩ ጓደኛ የቀበሩ ወይም ለመቅበር እንኳ ያልታደሉ ሰዎች ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል።

የኮሚቴያችን ሐሳብ

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። በመካከላችን የጋራ የመታሰቢያ ምሽት ይኑረን የሚል ሐሳብ ሲነሣ ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ «የማን ሟች ነው የሚታሰበው?» የሚል ነው። አንዱ በቀይ ሽብር፣ አንዱ በጦር ሜዳ፣ አንዱ በረሃብ፣ አንዱ በስደት መንገድ ወገኑን አጥቷል። የአንዱ ሰማዕት ለሌላው ጠላት የሆነበትም ጊዜ አለ። ይህን አናድበሰብሰውም። ሆኖም በቀኑ ሳይስማሙ ማሰቡን ግን ያልተዉ ሕዝቦች እንዳሉ አይተናል። በዚያ ምሽት ያየነውም የፖለቲካ ንግግር ሳይሆን ስም፣ ዕድሜና የትውልድ ቦታ ነው። በስም ላይ የሚጣላ ሰው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ማኅበራችን የስም መዝገብ ይክፈት። በ10 ዓመት ውስጥ እዚህ አገር ያረፉ ወገኖቻችን፣ በስደት መንገድ የቀሩትና በአገር ቤት መቃብራቸው ያልታወቀ ዘመዶቻችን በአንድ ገጽ ቅጽ ይመዝገቡ። ማን ገደለው የሚል ጥያቄ በቅጹ ላይ አይኖርም።

ሁለተኛ፣ ወጣቶቻችን የአባቶችንና የእናቶችን ቃል በድምፅ ይቅረጹ። ከናዚ እልቂት የተረፉት ሰዎች ዛሬ ዕድሜያቸው እጅግ ገፍቷል፤ በየዓመቱም ቁጥራቸው እያነሰ ነው። የእኛም ሽማግሌዎች እንዲሁ ናቸው። በስልካችሁ ያለው መቅረጫ ለዚህ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ በዓመት አንድ ምሽት ይኑረን። ሻማ ይብራ፣ ስም ይነበብ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየሥርዓቱ ይጸልይ፣ ከዚያ ቡና ይፈላ። ቀኑን ጠቅላላ ጉባኤው ይወስን።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የምንፈልገው ግን ቂም መቋጠሪያ አይደለም። ልጆቻችን ከማን እንደመጡ፣ እዚህ ለመድረስ ስንት ሰው መንገድ ላይ እንደቀረ እንዲያውቁ ብቻ ነው። መዝገቡ ከዛሬ ጀምሮ በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ገጽ ባዶ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ስም ጽፋችሁ ብትሄዱ ለ10ኛው ዓመታችን ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም።

ያረፉትን ነፍስ ይማር። ለማኅበራችን ረጅም ዕድሜ ይስጥልን።