ደጋንን ስለ መግራት

በማኅበራችን የእጅ ሥራ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ከአንድ ሳንቃ ደጋን ስለ መሥራት ነው። ስብሰባውን ያዘጋጁት ወንድሞች ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንድንዘረዝር ፈልገው ነበር፤ እኛ ግን የተሰጠንን ሰዓት አብዛኛውን በአንዱ ክፍል ላይ ለማዋል ቆርጠን መጥተናል። ምክንያቱም ጀማሪ ደጋኑን የሚሰብረው ብዙውን ጊዜ በዚያው ክፍል ስለ ሆነ ነው።

በቅድሚያ በቃላት እንስማማ። በአማርኛችን «ቀስት» ሲባል አንዱ የሚጎብጠውን እንጨት፥ ሌላው ተፈናጥሮ የሚሄደውን ማለቱ ነው። ክርክሩን ለቋንቋ ተማሪዎች እንተውላቸውና እኛ የሚጎብጠውን ደጋን፥ የሚወጠረውን ገመድ አውታር፥ የሚሄደውን ፍላጻ እንላለን። ደጋን ሲባል ከጦርነት ይልቅ ጥጥ ትዝ የሚላችሁ ብዙ ናችሁ፤ እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉበትም መሣሪያ ደጋን ይባላልና። አልተሳሳታችሁም፤ ያም ቢሆን ጎብጦ አውታሩን ወጥሮ የሚይዝ እንጨት ነው። ደጋኑ ሁለት ክንዶች አሉት፤ መካከሉ እጀታው ነው። ወደ ዒላማው የሚያየውን ፊት ጀርባ፥ ወደ ተኳሹ የሚያየውን ሆድ ብለን እንጠራለን።

እንግዲህ ያ አስቸጋሪው ክፍል ምንድን ነው? ፈረንጆች ቲለሪንግ ይሉታል። ሁለቱ ክንዶች እኩል፥ እያንዳንዱም ክንድ በመላ ርዝመቱ እንዲጎብጥ፥ ከሆዱ በኩል ጥቂት እየፋቁ፥ እየሳቡ፥ እያዩ፥ እንደ ገና እየፋቁ እንጨቱን ማለማመድ ነው። እኛ መግራት ብለነዋል። ወይፈን ሲገራ ያየ ሰው ስሙን አይነቅፍብንም። ወይፈን በመጀመሪያው ቀን ማሳ አያርስም፤ አስቀድሞ ቀንበር መሸከምን ብቻ ይለምዳል። ሁለቱ የደጋን ክንዶችም እንደ ጥማድ በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ደካማ ሌላው ብርቱ ከሆነ ደካማው ይጎዳል፥ ሥራውም ይጣመማል።

ስለ እንጨቱ ባጭሩ እንናገር። ጥንታውያን የእንግሊዝ ሠሪዎች የመረጡት ዩ የሚባለውን ዛፍ ነው፤ በዴንማርክ ሆልመጎር በሚባል ረግረግ ውስጥ በ1944 እ.ኤ.አ. የተገኙት፥ ዕድሜያቸው ወደ 9,000 ዓመት የሚጠጋው ደጋኖች ከኤልም የተሠሩ ናቸው። እኛ በምንኖርበት በሰሜን አሜሪካ ግን ጀማሪ ከማንኛውም የእንጨት መሸጫ የሚያገኘው ቀይ ኦክ ይበቃዋል። ርዝመቱ 180፥ ስፋቱ 4፥ ውፍረቱ 2 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ ሳንቃ ፈልጉ። ዋናው ነገር የእንጨቱ ጭረት ነው፤ በሰፊው ፊትም በጠባቡ ጎንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። መንገድ ላይ ወደ ጎን የሚወጣ ጭረት ያለበትን ሳንቃ ሻጩ በነጻ ቢሰጣችሁም አትውሰዱት። አንድ ሳንቃ ለመምረጥ አርባና ሃምሳውን ማገላበጥ አያሳፍርም፤ ባለ ሱቁ ቢያጉረመርም ይለምደዋል። እርጥብ እንጨት ከጎበጠ በኋላ አይመለስም፤ ስለዚህ ሳንቃውን ለጥቂት ሳምንታት በሚሞቅ ክፍል ውስጥ አቆዩት።

ቅርጹ ቀላል ነው። መካከሉ ላይ 10 ሴንቲሜትር ያህል ለእጀታ ይተዋል፤ እዚያ ሌላ ቁራጭ በሙጫ ተለጥፎ ይወፍራል። ክንዱ እስከ እኩሌታው ሙሉ ስፋቱን ይዞ ይሄድና ከዚያ ወዲያ እየጠበበ ጫፉ ላይ ወደ 12 ሚሊሜትር ይደርሳል። ጀርባው አይነካም፤ ጠርዞቹ ብቻ እንዲለሰልሱ ይደረጋል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ገባን። የምህንድስና ተማሪዎች በክፍል የተማራችሁት ሕግ እዚህ ላይ ይሠራል። የአንድ ሳንቃ ግትርነት ከስፋቱ ጋር እኩል ይጨምራል፤ ከውፍረቱ ጋር ግን በሦስተኛ ኀይል ይጨምራል። ስፋቱን እጥፍ ብታደርጉት ግትርነቱ እጥፍ ይሆናል፤ ውፍረቱን እጥፍ ብታደርጉት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ይህን ወደ ሥራችን እንመልሰው። 12 ሚሊሜትር ከሚወፍር ክንድ ላይ አንድ ሚሊሜትር ብቻ ብናነሣ፥ ክንዱ በዚያ ቦታ ከነበረው ግትርነት 23 በመቶ ያህሉን ያጣል። ግማሽ ሚሊሜትር ብናነሣ 12 በመቶ ያህሉን ያጣል። ግማሽ ሚሊሜትር ደግሞ ወሬ እያወሩ በሻካራ ሞረድ ጥቂት ጊዜ መመላለስ ነው። የተፋቀውን እንጨት የሚመልስ ሙጫ የለም።

አንድ ጓደኛችን፥ «ቀመሩ ይህን ያህል ካወቀ ለምን ሁሉንም በልኬት ቆርጠን አንጨርሰውም?» ሲል ጠይቆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እንጨት ግን እንደ ብረት ከአንድ ቀልጦ የወጣ ነገር አይደለም። የአንዱ ሳንቃ ግራ ጫፍ ከቀኙ ሊጠነክር ይችላል፤ ትንሽ አንጓ ወይም የጠበበ የዕድገት መስመር ነገሩን ይለውጠዋል። ውፍረታቸው በመለኪያ አንድ የሆኑ ሁለት ክንዶች አንድ ዓይነት አይጎብጡም። ቀመሩ ይህን ያህል ብንፍቅ ምን እንደሚሆን ይነግረናል፤ የት እንደምንፍቅ የሚነግረን ግን እንጨቱ ሲጎብጥ ብቻ ነው።

ደጋን ሲሳብ ጀርባው ይለጠጣል፥ ሆዱ ይጨመቃል። እንጨት በጠቅላላው መለጠጥን ከመጨመቅ ይልቅ ይችላል፤ ስለዚህ ጭረቱ ካልተቆረጠ አስቀድሞ የሚደክመው ሆዱ ነው። አንድ ቦታ ብቻውን ብዙ ሲጎብጥ በሆዱ ላይ እንደ ጥፍር ጭረት የሚመስሉ ቀጫጭን አግድም መስመሮች ይታያሉ፤ የተጨፈለቀ እንጨት ምልክት ናቸው፤ ከታዩ በኋላ አይድኑም። ጀርባው ሲከዳ ግን ምልክት አይሰጥም፤ ድምፁን ብቻ ትሰማላችሁ።

የመጀመሪያው ፈተና አውታር አያስፈልገውም። የታችኛውን ጫፍ መሬት ላይ አስደግፈን፥ የላይኛውን ጫፍ በአንድ እጅ ይዘን፥ በሌላው እጅ እጀታውን ወደ ጀርባው በኩል እንገፋለን። ከዚያ ገልብጠን ሌላውን ክንድ እንሞክራለን። ሁለቱም ተመሳሳይ እምቢታ እያሳዩ ጥቂት ሲጎብጡ፥ ለአውታሩ በየጫፉ መያዣ ጥርስ እናወጣለን። አውታሩ በዚህ ጊዜ ረዥም መሆን አለበት፤ ደጋኑን ሳያጎብጥ፥ ሳይንዘላዘልም የሚደርስ።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው መግሪያው ነው። ግድግዳ ላይ ደጋኑ የሚቀመጥበት ድጋፍ ይመታል፤ ከአውታሩ መካከል የተያያዘ ገመድ ወለሉ ላይ ባለ መዘውር ዞሮ፥ ሦስት ሜትር ያህል ርቃችሁ በቆማችሁበት እጃችሁ ይገባል። በመካከሉ የተንጠለጠለ ሚዛን ስንት ፓውንድ እንደ ሳባችሁ ይነግራችኋል። መራቁ ሁለት ጥቅም አለው። ደጋኑ ቢሰበር ፊታችሁን አያገኝም፤ ከሁሉ በላይ ግን ሁለቱን ክንዶች በአንድ ጊዜ ማየት የሚቻለው ከሩቅ ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ስለሚቻል ያንን ተጠቀሙ፤ ዓይን ትናንት ያየውን ለዛሬ አያቆይም።

በእነዚህ ሰዓታት ከሁሉ የሚከብደው አንድ ደንብ ነው። አንድ ቦታ ከመጠን በላይ ሲታጠፍ ስናይ እጃችን ወደዚያ ቦታ ይሮጣል፤ የታመመው እርሱ ነውና። እዚያ ግን ምንም የሚደረግ ነገር የለም። በእርሳስ ከባችሁ ተዉት፤ የሚፋቀው የቀረው ሁሉ ነው፤ ግትር የሆነው፥ ደኅና የሚመስለው። ጤነኛው እየተፋቀ ወደ ደካማው ይወርዳል እንጂ ደካማው ወደ ጤነኛው አይወጣም። ዋጋውም ደጋኑ መቅለሉ ነው። በ40 ፓውንድ የታሰበው በ32 ሊያልቅ ይችላል።

ግትሩን ቦታ ለማግኘት ዓይኑ ያልሠለጠነ ሰው ትንሽ መሣሪያ አለችው። 15 ሴንቲሜትር ያህል የሆነች ቀጥ ያለች እንጨት ውሰዱ፤ መካከሏን ብሱና እርሳስ አስገቡባት። ደጋኑ ጎብጦ ሳለ በሆዱ ላይ ስታንሸራትቷት፥ ብዙ በጎበጠው ቦታ ላይ በእንጨቷና በሆዱ መካከል ክፍተት ይሆናል። የእርሳሱን ጫፍ በትልቁ ክፍተት ላይ ሆዱን ለመንካት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አስተካክሉ። ከዚያ ክንዱን ሙሉ ሂዱበት። እርሳሱ የጻፈበት ሁሉ ግትር ነው፤ ጽሕፈቱ እስኪጠፋ ብቻ ፋቁ። እጀታውና ከእርሱ የሚያያዘው ወፍራም ክፍል ግን እንዲጎብጥ አይፈለግምና በዚያ የምትጽፈውን አትመኗት።

ከፋቃችሁ በኋላ እንጨቱ ለውጡን ወዲያው አያሳይም። ሃያ ሠላሳ ጊዜ በለዘብታ ሳቡት፤ ከዚያ እዩ። ይህን የሚዘልል ሰው ሁለት ጊዜ ለአንድ ነገር ይፍቃል። ሳቡ ስንልም ልክ አለው፤ ጉድለት ከታየ እዚያው ቁሙ፤ ሚዛኑ የታሰበውን ክብደት ካሳየ ደግሞ አውታሩ 25 ሴንቲሜትር ብቻ ቢሄድም እዚያው ቁሙ። በሚቀጥለው ፍቂያ 30 ይሆናል፤ እየቆየ 70 ይደርሳል።

ስለ ክብደት ካነሣን፥ ወንዶቹ ጓደኞቻችን ብርቱ ደጋን ሲመኙ እናያለን። ሄሮዶቱስ እንደ ጻፈው፥ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለፋርሱ ለካምቢሴስ መልእክተኞች ታላቅ ደጋን ሰጥቶ፥ ፋርሶች ይህን የሚያህለውን በቀላሉ መሳብ ሲችሉ ይምጡብን ብሎ ልኳል። (የሄሮዶቱስ ኢትዮጵያ ከግብፅ በስተደቡብ ያለው የኩሽ አገር መሆኑን የታሪክ ተማሪዎች ሳያርሙን እኛው እንናገር።) በ1545 ሰጥማ በ1982 እ.ኤ.አ. ከባሕር የወጣችው ሜሪ ሮዝ የተባለች የእንግሊዝ መርከብም የያዘቻቸው ደጋኖች ብዙዎቹ ከ100 ፓውንድ በላይ እንደ ነበሩ ይገመታል። እነዚያ ግን ከልጅነታቸው ጀምረው የሠለጠኑ ሰዎች መሣሪያዎች ነበሩ። ለመጀመሪያ ሥራ 35 ወይም 40 ፓውንድ፥ ማለት ከ16 እስከ 18 ኪሎ ያህል፥ ይበቃል። ብዙ ደጋኖች የሚሞቱት የቀሩትን አምስት ፓውንዶች ላለመልቀቅ ሲባል ያልተፋቀ ግትር ቦታ ስለሚቀርባቸው ነው።

ይህን ሥራ በዩኒቨርሲቲ ሰዎች ፊት ስናወራ አንድ ሰው ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። በ1911 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ኦሮቪል በምትባል ከተማ አንድ ሕንዳዊ ብቻውን ከዱር ወጣ። ያሂ የተባሉት ወገኖቹ በነጭ ሰፋሪዎች ተጨፍጭፈው አልቀው ነበር። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሳን ፍራንሲስኮ ባለው ቤተ መዘክራቸው አስቀመጡት፤ ስሙን ስላልተናገረ ኢሺ አሉት፤ በቋንቋው ሰው ማለት ነው። ሳክስተን ፖፕ የተባለው የዩኒቨርሲቲው ሐኪም ከእርሱ ዘንድ ደጋን መሥራትንና መተኮስን ተማረ። ፊደል ያልቆጠረው አስተማሪ፥ ፕሮፌሰሩ ተማሪ ሆኑ። ኢሺ በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ፖፕ በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ የተማረውን ለሌሎች አስተላለፈ፤ በዚህ አገር ዛሬ በእጁ ደጋን የሚሠራ ሰው ብዙው ከዚያ መጽሐፍ ጋር ዝምድና አለው። የኢሺ ደጋን አጭር፥ ከጥድ ወገን በሆነ እንጨት የተሠራ፥ ጀርባው በጅማት የተለበጠ ነበር። የእኛው ኦክ ከእርሱ ጋር የሚመሳሰለው በጥቂቱ ነው፤ እንጨቱን እያጎበጡ መጠየቅ ግን ያው ነው።

በረዥሙ አውታር ክንዶቹ አምረው ከጎበጡ አጭሩ አውታር ይታሰራል፤ መጀመሪያ ከእጀታው 8 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ እንዲርቅ፥ ኋላ 15። የታችኛው ክንድ ከላይኛው በጥቂት ሚሊሜትር ግትር ሆኖ ቢቀር ደግ ነው፤ ፍላጻው ከእጅ በላይ ስለሚያልፍ የታችኛው ክንድ የበለጠ ይሸከማልና። ከዚህ ወዲያ ሞረዱን አስቀምጡት፤ በቢላዋ ስለት ወይም በጠርሙስ ስባሪ መፋቅና ሻካራ ወረቀት ብቻ። አውታሩ ሲፈታ ክንዶቹ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ጎብጠው ቢቀሩ አትዘኑ፤ ከዚያ በእጅጉ ከበለጠ እንጨቱ እርጥብ ነበር፥ ወይም ቶሎ ብዙ ተስቧል።

ያልተገራ ደጋን በሙሉ ስበት ይዞ መቆም አይገባም፤ የተገራውም ቢሆን ፍላጻ ሳይኖር አውታሩ አይለቀቅም። መቶ ያህል ፍላጻ ተኩሳችሁበት እንደ ገና በመግሪያው ላይ እዩት፤ ጥቂት መለዋወጡ አይቀርም። ያን አስተካክላችሁ ዘይት ወይም ሰም ቀቡት።

ሳንቃዎቹ በወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ተደግፈዋል፤ የተመረጡ ናቸው፥ የማትወዱትን ግን መመለስ ትችላላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሞርሳዎች ለጀማሪዎች ተለቀዋል። ሞረድ አለን፤ እርሳስ ግን ሁልጊዜ ይጠፋል፤ ስትመጡ ይዛችሁ ኑ።