ካታሊስት ለምን ይደክማል?

(በሮቤ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የተሰበሰብንበት የባሌ ደጋ ለዋቢ ሸበሌ ውኃ ከሚያዋጡት ከፍተኛ ቦታዎች አንዱ ነው። ወንዙ በመልካ ዋከና ተገድቦ እ.ኤ.አ. በ1988 የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተቋቁሞበታል፤ የጣቢያውም አቅም 153 ሜጋዋት ነው። በኤሌክትሪክ ውኃን ከፍሎ ሃይድሮጂን ማውጣት፣ ሃይድሮጂኑንም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋሕዶ ሜታኖል መሥራት ይቻላል የሚለው ሐሳብ እንዲህ ያለ የውኃ ኃይል ባለበት አገር መነሣቱ የሚያስገርም አይደለም።

ስሌቱ በወረቀት ላይ ሲታይ ያማረ ነው። አንድ ቶን ሜታኖል ለማግኘት በንድፈ ሐሳቡ 1.375 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድና 187.5 ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን ያስፈልጋል፤ ለዚህም 10 ሜጋዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይጠፋል። በአይስላንድ ከከርሰ ምድር እንፋሎት ጋር በሚወጣው ጋዝ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረውን ፋብሪካ የሚያህል፣ ማለትም በዓመት 4,000 ቶን የሚያመርት ድርጅት ሳያቋርጥ 4.6 ሜጋዋት ገደማ ቢያገኝ ይበቃዋል። ይህም የመልካ ዋከና አቅም 3 በመቶ ብቻ ነው። ሆኖም በዚህ ስሌት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ቁጥር አለ፤ እርሱም 562.5 ኪሎ ግራም ነው። ይህ ከእያንዳንዱ ቶን ሜታኖል ጋር አብሮ የሚወለደው የውኃ ክብደት ሲሆን፣ የዛሬው ንግግሬም በአመዛኙ ስለዚሁ ውኃ ነው።

ካታሊስት የኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በለውጡ የማያልቅ ነገር ነው ተብለን ተምረናል። አያልቅም፤ ይደክማል ግን። እ.ኤ.አ. በ1923 ጀርመኖች በሎይና ሜታኖል ማምረት ሲጀምሩ የተጠቀሙበት የዚንክና የክሮሚየም ኦክሳይድ ድንጋዩን ሁሉ የሚችል ጠንካራ ነበር፤ ነገር ግን ከ300 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ከ250 አትሞስፌር የማያንስ ግፊት ይጠይቅ ነበር። መዳብ ከእርሱ የበለጠ ንቁ መሆኑ ቢታወቅም፣ በጋዙ ውስጥ ያለው ድኝ ወዲያው ስለሚገድለው ለረጅም ጊዜ ሥራ ላይ ሊውል አልቻለም። ጋዙን አጥርቶ ማቅረብ ከተቻለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የእንግሊዙ አይ.ሲ.አይ. ኩባንያ መዳብን ከዚንክ ኦክሳይድና ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ጋር አዋሕዶ ከ50 እስከ 100 አትሞስፌር በሆነ ግፊት ማምረት ጀመረ። እስከ ዛሬም የምንሠራው በዚሁ ቤተሰብ ነው።

መዳብ የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ነው፤ በጥቃቅን ቅንጣቶቹ ገጽ ላይ ያሉት አቶሞች ግን ከ150 ዲግሪ በታች እንኳ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። ሥራው የሚካሄደው ከ220 እስከ 270 ዲግሪ ባለው ሙቀት በመሆኑ ቅንጣቶቹ ቀስ በቀስ ይገጣጠማሉ። ስንዴ አምራች በሆነው በዚህ አገር እርጥበት የገባበት ዱቄት እንዴት እንደሚጓጎል ለማንም መንገር አያሻም። ዱቄቱ በክብደት አልጎደለም፤ ገጹ ግን ጎድሏል። ካታሊስትም የሚሠራው በገጹ ነው። የዚንክ ኦክሳይዱ ተግባር አንዱ ቅንጣቶቹን አራርቆ መያዝ ነው።

እዚህ ላይ ነው ውኃው የሚገባው። በቀድሞዎቹ ፋብሪካዎች በጋዙ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተወለደውን ውኃ እየተቀበለ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጂን ይመልሰዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ሲቀርብ ግን ውኃውን የሚቀበል የለም። ስለሆነም በገጹ ላይ ቦታ ይይዛል፣ ከመዳቡ ከፊሉን ወደ ኦክሳይድ ይመልሳል፣ የመጓጎሉንም ፍጥነት ይጨምራል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አራራቂው ዚንክ ኦክሳይድ ራሱ እየተለቀመ ትልልቅ ክሪስታል መሥራቱና ከመዳቡ መለየቱ ነው፤ ዘበኛው ቤቱን ትቶ እንደ መሄድ ያህል ነው። ብዙዎች የሚጠረጥሩት የጥላሸት ክምችት በዚህ ሙቀት ዋነኛው ምክንያት አይደለም።

መርዙም አልቀረልንም። በአሉቶ ላንጋኖ ከእንፋሎቱ ጋር የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢበዛበትም ሃይድሮጂን ሰልፋይድ አለበት፤ የሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስም አቧራና ድኝ አያጣም። መዳቡ ደግሞ ከአሥር ሚሊዮን አንድ እጅ የሆነ ድኝ እንኳ ሲበዛበት ነው። ስኳር ፋብሪካዎች ሞላሰስን ወደ አልኮል ሲለውጡ የሚወጣው ጋዝ ከእነዚህ ይልቅ ንጹሕ ስለሆነ፣ በእኔ አስተያየት መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው እርሱ ነው።

ሌላው የኤሌክትሪክ መቋረጥ ነው። ፋብሪካው በድንገት ቆሞ እርጥብ ጋዝ እንደ ያዘ ሲቀዘቅዝ ውኃው በካታሊስቱ ፍሬዎች ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል፤ ፍሬዎቹም ይፈረካከሳሉ። መብራት በሚጠፋበት ቦታ እንግዲህ የሃይድሮጂን ማጠራቀሚያና እርጥቡን ጋዝ የሚያስወጣ ደረቅ ናይትሮጂን ከዋናው ዕቃ እኩል መታዘዝ አለባቸው።

የካታሊስት ሻጮች ብዙውን ጊዜ የሦስትና የአራት ዓመት ዕድሜ ይጠቅሳሉ። ይህ ቁጥር በአብዛኛው የተገኘው ካርቦን ሞኖክሳይድ በበዛበት ጋዝ ነው። ውል የምታዘጋጁ ባልደረቦቼ ከፊርማ በፊት ሻጩን አጥብቃችሁ ጠይቁት፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጂን ብቻ እየቀረበለት ስንት ሰዓት ተፈተነ? በፈተናው መጨረሻስ ከመጀመሪያው ንቃቱ ስንት እጅ ቀረው? መልሱ በጽሑፍ ካልተሰጠ፣ የመለወጫው ካታሊስት ዋጋ በውጭ ምንዛሪ ከመጀመሪያው ዓመት በጀት ላይ ይያዝ።