የታመመ ልጅ በረጅም የሆስፒታል ቆይታ፦ የአስታማሚው ድርሻ

ጠና ያለ ሕመም የያዘው ልጅ አልጋ ላይ የሚቆየው እንደ ሕመሙ ነው። ጭኑ ተሰብሮ እግሩ በክብደት የተወጠረ ልጅ ሳምንታት ይተኛል። አጥንቱ ውስጥ መግል የያዘ፣ ወይም በእሳት ክፉኛ የተቃጠለ ልጅ ከዚያም ይብሳል። የደም ካንሰር ሕክምና ደግሞ ተኝቶ በመታከምና በመመላለስ ከሁለት ዓመት በላይ ይወስዳል።

ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክላስተሮች አንዱ በሆነው በቢዮ አዋሌ ልጅ ሲታመም መንገዱ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ጤና ኬላ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል፣ ሲብስም ሐረር ሕይወት ፋና ወይም አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ። በየደረጃው ሐኪሙ ይለወጣል፣ ክፍሉ ይለወጣል፣ የሚነገርበት ቋንቋም ሊለወጥ ይችላል። ከቤት እስከ መጨረሻው አልጋ ድረስ ከልጁ ጋር የሚዘልቀው አስታማሚው ብቻ ነው። ስለዚህ አስታማሚ ዕቃ ጠባቂና ምግብ አቀባይ ብቻ አይደለም፤ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።

ይህን የአውሮፓ ሆስፒታሎች የተማሩት ዘግይተው ነው። በእንግሊዝ ለረጅም ጊዜ ወላጅ የተኛ ልጁን የሚያየው በተወሰነለት ቀንና ሰዓት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ ባለሙያ አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ ለስምንት ቀናት ሆስፒታል ተኝታ ስትቆይ የሆነችውን በፊልም ቀርጾ አሳየ። ሮበርትሰን እንዳስተዋለው ከእናቱ የተለየ ሕፃን በመጀመሪያ ያለቅሳል፣ ይታገላል። ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጥና ዝም ይላል። በመጨረሻ እናቱ ስትመጣም ፊቱን ያዞርባታል። የክፍሉ ሠራተኞች ያን ዝምታ «ለመደ» ብለው ይተረጉሙት ነበር፤ በእርግጥ ግን ሕፃኑ ተስፋ ቆርጦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው የፕላት ሪፖርት ወላጆች እንደልብ እንዲገቡ፣ እናቶችም ከትንንሽ ልጆቻቸው ጋር እንዲያድሩ መከረ። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች አስታማሚ የሌለው ሕፃን ብርቅ ነው፤ ይህ ከማጣት የመጣ ቢሆንም ለልጁ ትልቅ ሀብት ነው። ያም ሆኖ እናቷ አጠገቧ ተቀምጣም ዝም ያለች፣ የማትጫወት፣ ዓይን ዓይን የማታይ ልጅ «ጨዋ ናት» ተብላ መታለፍ የለባትም።

የአስታማሚ እጅ ከሁሉ በላይ የሚታይበት ሕመም ከባድ የምግብ እጥረት ነው። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ፣ ወይም ሁለት እግሩ ያበጠ፣ በዚያ ላይ የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ ወይም ሌላ ሕመም የተደረበበት ሕፃን ተኝቶ ይታከማል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰጠው ኤፍ 75 የተባለ ወተት ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ይይዛል። የተራበ ልጅ ለምን ቀጭን ወተት እንደሚሰጠው ለእናቲቱ ካልተነገራት ከቤት የመጣውን ምግብ ደብቃ ብታጎርሰው አይፈረድባትም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ በረሃብ የቆየ አካል ልቡም፣ ኩላሊቱም፣ ጉበቱም ሥራቸውን ቀንሰዋል። ጨውና ፕሮቲን በአንድ ጊዜ ሲበዛበት ልቡ ሊደክም፣ ሕፃኑም ሊሞት ይችላል። ወተቱ በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ሳይቀር ይሰጣል። በሌሊት አንድ ጊዜ ከተዘለለ የደሙ ስኳር ይወርዳል፣ ሰውነቱም ይቀዘቅዛል። እናት ሕፃኑን ደረቷ ላይ አስተኝታ፣ ራሱን ሸፍና የምታድረው ለፍቅር ብቻ ሳይሆን ለሙቀትም ነው።

አመጋገቡ ላይ አንድ የቆየ ልማድ መቅረት አለበት፤ መጋት። አፍንጫ ይዞ ወይም አስተኝቶ በግድ ማፍሰስ ወተቱን ወደ ሳንባ ይወስደዋል፣ ከዚያም የሳንባ ምች ይከተላል። ሕፃኑ ቀና ተደርጎ፣ እቅፍ ውስጥ ሆኖ፣ በኩባያ በትዕግሥት ይጠጣል፤ እምቢ ካለ ነርሷ በአፍንጫው ቱቦ ታስገባለታለች። ቱቦውን ያየች እናት ትደነግጣለች፤ ፍላጎቱ ሲመለስ ግን ይወጣል።

ሰውነቱ ሲያገግም አእምሮውም መመገብ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ለማከም ካወጣቸው አሥር እርምጃዎች ዘጠነኛው ጨዋታና ፍቅር ነው፤ በቀን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የታሰበበት ጨዋታ ይመክራል። በጃማይካ ኪንግስተን ሳሊ ግራንትሃም ማክግሬገር የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በምግብ እጥረት ተኝተው የታከሙ ሕፃናትን በሆስፒታል እያጫወቱ፣ ከወጡ በኋላም ለሦስት ዓመታት በየቤታቸው እየሄዱ ከእናቶቻቸው ጋር አጫወቷቸው። እነዚያ ልጆች ከዓመታት በኋላም ይህ ካልተደረገላቸው እኩዮቻቸው በአእምሮ እድገት ልቀው ተገኙ። በጅማም ተመሳሳይ ጥናት ተደርጎ ልጆቹ በተለይ በእንቅስቃሴ ችሎታቸው መሻሻል አሳይተዋል። ለዚህ የሚገዛ አሻንጉሊት አያስፈልግም። ጠጠር ገብቶበት ክዳኑ በደንብ የታሰረ የውኃ ፕላስቲክ ይንኳኳል፣ ከቁራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት ይሰፋል። ለከፍ ያለው ልጅ እንቆቅልሽ ይበቃል፤ ከቢዮ አዋሌ ለመጣው ኦሮምኛ ተናጋሪ ልጅም ሂቦ የተባለው የኦሮምኛ እንቆቅልሽ አለለት።

ልጅ ሆስፒታልን የሚፈራው በዋናነት በመርፌ ነው። «ዝም ካላልክ ሐኪሙ ይወጋሃል» ማለት ፈዋሹን ጠላት ያደርገዋል። «አያምም» ብሎ ማታለልም አይጠቅም፤ አንዴ የተዋሸ ልጅ በሁለተኛው ቀን የእናቱን ቃል አያምንም። «ትንሽ ያምማል፣ ቶሎ ያልፋል፣ እኔ ይዤሃለሁ» የሚለው እውነት ከሁሉ ይሻላል። ጡት የሚጠባ ሕፃን እየጠባ ሲወጋ ሕመሙ ይቀልለታል። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ የታመመው ስላጠፋ፣ እናቱን ስላላከበረ ሊመስለው ይችላል፤ ቅጣት አለመሆኑ ደጋግሞ ሊነገረው ይገባል። ትልቅ ተማሪ ከሆነ ደብተሩና መጽሐፉ ይምጣለት፤ የትምህርት ቤት ወሬ መስማት ሕይወቱ የሚጠብቀው መሆኑን ያሳየዋል።

የቋንቋው ነገር ቀላል አይደለም። በድሬዳዋ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ኮሪደር ይሰማሉ፤ ሐኪሙ ግን ሦስቱንም ላይችል ይችላል። እናቲቱ ባልገባት ነገር አንገቷን ከነቀነቀች የመድኃኒቱ ሰዓት ይሳሳታል። የገባትን በራሷ ቋንቋ መልሳ እንድትናገር መጠየቅ ከትርጉም እኩል ያስፈልጋል፤ የታመመውን ልጅ ራሱን አስተርጓሚ ማድረግ ግን ያልሆነ ሸክም መጫን ነው።

አስታማሚዋም ትደክማለች። ከአልጋው ሥር ጨርቅ አንጥፋ የምታድር፣ በቆላው ሙቀት ያልተኛች፣ ቤት የተወቻቸው ልጆች የሚያሳስቧት እናት ጉልበቷም ወተቷም ይቀንሳል። አያት ወይም አክስት እየተፈራረቁ መያዛቸው፣ የአባትም አዘውትሮ መምጣት ለልጁም ለእሷም ነው። አባት መድኃኒት ገዝቶ ሲመለስ ሥራው ያለቀ ከመሰለው ልጁ የእሱን ጠረን ያጣል። ጎረቤት «ዓይን ነው» ወይም «ሳታበይው ቀርተሽ ነው» ሲላት የምትሸከመውን ጸጸት ሐኪሙ በአንድ ቅን ቃል ሊያነሳላት ይችላል። ዱዓም ሆነ ጸሎት ከመድኃኒቱ ጎን ይሄዳል፤ መድኃኒቱን ማቋረጥ ነው የሚጎዳው። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የታቀፈ ቤተሰብ የሪፈር ወረቀቱን መያዝ አለበት፤ ደረጃውን ሳይጠብቅ ከሄደ መድኑ ላይሸፍንለት ይችላል። መጓጓዣውና የአስታማሚዋ ስንቅ ግን ከኪስ ነው፤ ዘመድና ጎረቤት የሚደርሱበት ቦታም ይኸው ነው።

የመውጫ ቀን ሲደርስ ሕክምናው አያልቅም። በምግብ እጥረት የታከመ ሕፃን ጤና ኬላ እየቀረበ ይመዘናል፣ ፕላምፒኔት የተባለ የሕክምና ምግብም ይሰጠዋል፤ የአንዱ ከረጢት 92 ግራም 500 ኪሎ ካሎሪ አለው። ከረጢቱ ምግብ ብቻ ሳይሆን መድኃኒትም ስለሆነ ለወንድምና ለእህት አይከፋፈልም፤ ይህን ለሌሎቹ ልጆች ማስረዳት ለእናት ከባድ ነው፣ አስቀድሞ መመካከር ያሻል። ክንዱ 12.5 ሴንቲ ሜትር ደርሶ እብጠቱም ከጠፋ ከክትትሉ ይወጣል። እግሩ እንደገና ካበጠ፣ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ከያዘው፣ መብላት ካቆመ ቀጠሮው ሳይጠበቅ ይመለሳል።

ሕመሙ ሌላ ለነበረውም ቢሆን ቤት መግባት መላመድ ይጠይቃል። አልጋ ላይ መሽናት የተወ ልጅ እንደገና ይሸናል፣ ጣቱን ይጠባል፣ እናቱ ከዓይኑ ስትሰወር ይጮኻል፣ ሌሊት ይባንናል። ሳይገሠጽና ሳይሳቅበት፣ የመኝታውና የምግቡ ሰዓት ሳይለዋወጥ ሲቆይ ይህ በብዙ ልጆች ላይ በሳምንታት ውስጥ ይረግባል። ሳይረግብ ወራት ከቆየ፣ ወይም ልጁ ከጓደኞቹ ተገልሎ ከቀረ፣ በቀጠሮው ቀን ለሐኪሙ እንደማንኛውም የሕመም ምልክት ይነገራል።